ክብ ይሁን የተባለው ድረ ገጽ

ድረ ገጽ ሠርቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልኮራባችሁ ፈልጌ አይደለም። ውሸቴን ነው፣ ፈልጌ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚያኮራ ነገር ስጠብቅ ኖሬ፣ አንድ ቀን ሲመጣልኝ ዝም ብዬ ላሳልፈው? ጎረቤታችን ባጃጅ የገዛ ጊዜ ከከተማው አንድ ጫፍ ከሲቀላ እስከ ሌላው ጫፍ እስከ ሴቻ ጥሩንባውን እየነፋ ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። እኔ ጥሩንባ ስለሌለኝ እጽፋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በአባዬ አፍ ነው። አባዬ በመንደራችን በጫኖ ሙዝ የሚያለሙ ሠላሳ አንድ ሰዎች ያቋቋሙት ማህበር ጸሐፊ ነው። ጸሐፊ ያደረጉት የእጅ ጽሕፈቱ ስለሚያምር ነው እንጂ መሬቱማ ከሁሉም ታንሳለች። የማህበሩ ችግር አንድ ነበር፤ ደላላ። ደላላው አይሱዙ ይዞ ሲመጣ ሙዙ ይጫናል፤ «መኪናው ተበላሽቷል» ሲል ሙዙ እዚያው ይበስላል። የበሰለ ሙዝ ደግሞ የማንንም መኪና አይጠብቅም። እንደዚያ ያለ ሳምንት እኛ ቤት ቁርስ ሙዝ ነው፣ ምሳ ሙዝ ነው፣ እራት ላይ እናቴ ታዝንልንና ሃላኮ ከምንለው ከሽፈራው ቅጠል ጋር ትሠራዋለች። ሃላኮ ጥሩ ነገር ነው፣ ሙዝም ጥሩ ነገር ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁለቱም ይጣላሉ።

እንግዲህ አንድ ሰኞ ከአዲስ አበባ አንዲት ሴትዮ ለአባዬ ደወለች። ለጭማቂ ቤቶች ፍራፍሬ የምታቀርብ ናት። በየሁለት ሳምንቱ በራሷ መኪና፣ ያለ ምንም ደላላ፣ ሙዝ መውሰድ ትፈልጋለች። ነገር ግን ሰዎች ሦስት ማህበራትን ጠቁመዋታል፤ ሦስቱንም ዞራ ለማየት ጊዜ የላትም። ስለዚህ የሚቀጥለው ሰኞ የሦስታችንንም ድረ ገጽ ከፍታ አይታ፣ ደስ ወዳላት ወደ አንዱ ብቻ ትመጣለች። «ድረ ገጽ አላችሁ አይደል?» ብላ ጠየቀችው።

አባዬ በሕይወቱ ድረ ገጽ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም። ግን «የለም» የሚለው ቃል ጉሮሯቸው ላይ ከሚሰነቀርባቸው ሰዎች አንዱ ነው።

«አለን፤ ቀለም እየተቀባ ነው» አላት።

ቤት ገብቶ አንገቱን እያሻሸ ይህን ሲነግረኝ፣ እናቴ ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነ ጠየቀችው። እኔ ግን ልቤ ዘለለች። እኔ እኮ የቤታችን የኮምፒውተር ሊቅ ነኝ። ማዕረጉን ያገኘሁት የማህበሩ ፕሪንተር እምቢ ባለ ጊዜ ሄጄ ሶኬቱን ስለሰካሁት ነው። መነቀሉን ማንም አላየም፤ እኔም አልተናገርኩም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ትምህርት ቤት በአይሲቲ ክበብ ድረ ገጽ የሚጻፍበትን የኤችቲኤምኤል ሥልጠና ወስጃለሁ። ሥልጠናው አሥር ቀን ሲሆን መብራት የነበረው አራቱን ነው። የቀረውን ስድስት ቀን ኮድ በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንጽፍ ከረምን። በጠመኔ የተጻፈ ኮድ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ስህተት መሆኑ አይታወቅም።

«እስከ ሰኞ ይደርሳል?» አለኝ አባዬ።

«ከዚያም በፊት» አልኩት። የማን ልጅ እንደሆንኩ ከዚህ ይታወቃል።

ታዲያ አባዬ ብቻውን አይወስንም። ጫኖ ላይ ብቻውን የሚወስን ሰው የለም። ከበድ ያለ ነገር ሲመጣ ሰው ዱቡሻ ይወጣል። ዱቡሻ ማለት ከጥንት ጀምሮ ሰው እየተሰበሰበ ነገሩን የሚጨርስበት ሜዳ ነው። ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። በምርቃት ይከፈታል። አንዱ ቆሞ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። እጅ አውጡ፣ ድምፅ ይቆጠር፣ ብዙኃኑ አሸነፈ የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም፤ የመጨረሻው ሰው «እሺ» እስኪል ድረስ ነገሩ አላለቀም፤ አንዴ ካለቀ ደግሞ አለቀ።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ገጹን በወረቀት ሥዬ ስሄድ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ነበር። የኢንተርኔት ዘመን አይደል።

ወረቀቱ በእጅ በእጅ ዞረ። አገላበጡት። በመጨረሻ የማህበሩ ታላቅ ጋሽ ባንጫ እጅ ገባ። ጋሽ ባንጫ ጋሞኛ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ያዳምጣቸዋል፤ አማርኛ ሲናገሩ ደግሞ ወንድና ሴት ሳይለዩ ሁላችንንም እኩል «አንተ» ይሉናል። ጣታቸውን በወረቀቱ ጫፍ ላይ አሳርፈው፣ «አንተ ልጅ፣ እዚህ ራሱ ጋ የማን ሙዝ ነው የሚቀመጠው?» አሉኝ።

እኔም በየዋህነት፣ ፎቶው ያማረለት ሰው ሙዝ አልኩ።

ምነው ምላሴን በነከስኩት። ከዚያ አንድ በአንድ ይነሡ ጀመር። አንደኛው አያቱ የተከሉትን ሙዝ አነሣ። ሌላኛው፣ ራስ ካለ ግርጌ አለ፣ ግርጌ ማንን ልታስቀምጡ ነው ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ዘለቀ የሚባሉ፣ በተፈጥሯቸው ከሁሉም ኋላ «እሺ» የሚሉ ሰውዬ፣ የእሳቸው ሙዝ ራስጌ ባይሆን ግድ እንደሌላቸው፣ የጎረቤታቸው ግን ራስጌ ከሚሆን ሞታቸውን እንደሚመርጡ በረጅሙ አስረዱ። በመጨረሻ ጋሽ ባንጫ ራሳቸው ተነሡ። ዱቡሻ ክብ ነው፣ ራስጌም ግርጌም የለውም፣ ሰው እኩል የሚሆነው ለዚህ ነው አሉ። ስለዚህ ገጹም ክብ ይሁን።

ሠላሳ ራስ ተነቀነቀ።

የኮምፒውተር መስኮት አራት ማዕዘን እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። አራት ማዕዘን እንዲሆን ማን ወሰነ ብለው ጠየቁኝ። ገጽ እንዴት መሠራት እንዳለበት ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች በዓለም ላይ እንዳሉ፣ ከየአገሩ ተሰብስበው እየተከራከሩ እስኪስማሙ እንደሚቆዩ፣ አንዳንዴም አንድ ነገር ለመወሰን ዓመታት እንደሚፈጅባቸው ነገርኳቸው። ይህን ሲሰሙ ለሰዎቹ ትልቅ አክብሮት አደረባቸው። ሥርዓት ያላቸው ሰዎች ናቸው ተባለ። ቢሆንም የጫኖን ሙዝ ራስጌና ግርጌ እነሱ አይወስኑም።

ፀሐይዋ ወደ ተራራው ዘንበል ስትል እኔም ተስፋዬ አብሮ ዘነበለ። ያኔ ነው አንድ የክበባችን ትእዛዝ ትዝ ያለኝ። ማርኪ ይባላል። የጻፋችሁበትን ነገር ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ያስኬደዋል። እያንዳንዱ ፎቶ ይገባል፣ ያልፋል፣ ይወጣል፤ ሌላው ይከተላል፤ ማንም ፊት የለ፣ ማንም ኋላ የለ፤ ዝም ብሎ ይዞራል። ዱቡሻው ተነቃቃ። «እሺ» አለ አንዱ፣ «እሺ» አለ ሌላው፣ ጋሽ ዘለቀም ጥቂት አስጨንቀውኝ «እሺ» አሉ። የዚያን ቀን የተመረቅኩት ምርቃት ለሠርጌም ይተርፋል።

ሐሙስ ከአንድ የሠርግ ፎቶ አንሺ ለምነን ባመጣነው ካሜራ እያንዳንዱን አባል ከሙዙ አጠገብ አቁሜ አነሣሁ። የማሳ ፎቶ ነው ብላቸው ማን ሰምቶኝ፤ ኮት ያልለበሰ አልነበረም። አንድ ኮት ለአምስት ሰው ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ እኛ ቤት ባለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩና፣ እናቴ ከላዩ ያለበሰችውን ዳንቴል አጥፌ፣ ሥራ ጀመርኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ እኔ ግን ጭራሽ ሳልታጠቅ ነው የሮጥኩት። ፎቶዎቹ እያንዳንዳቸው ግድግዳ የሚያክሉ ናቸው፤ እንዳሉ አስገባኋቸው። ቀለሙን በየመስመሩ ጻፍኩ፣ የፊደሉን መጠን በየመስመሩ ጻፍኩ። የከፈትኩትን ትእዛዝ መዝጋት ከተረሳኝም ኮምፒውተሩ ደግ ስለነበር ዝም አለኝ።

ዓርብ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ አየ። ጋሽ ባንጫ ገቡ፣ አለፉ፣ ወጡ። የማህበሩ አባል እትዬ አስቴር ተከተሉ። ጋሽ ዘለቀ በሰው ኮት ገቡ። እናቴ እንደ ሠርግ ቪዲዮ ነው አለች፤ ከዚህ በላይ ሙገሳ በእኛ ሰፈር የለም። አባዬ ወንበሩን ወደ ኮምፒውተሩ ጠጋ አድርጎ፣ ራሱ ሦስት ጊዜ ሲያልፍ አየ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉንም በፍላሽ ይዤ ሲቀላ ወደሚገኘው ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ። ቤቱን የምታስተዳድረው ሰላም ትባላለች። ኮምፒውተር የተማረች፣ ጥፍሯን አጭር የምትቆርጥ፣ ሳቋ በወር አንዴ የሚመጣ ልጅ ናት። በነፃ ገጽ የሚያኖር ቦታ ከፈተችልኝና መጫን ጀመርኩ። አንድ ፎቶ በገባ ቁጥር አንድ ደንበኛ ተነሥቶ ኮኔክሽኑ ምን ሆኗል ይላል። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። ሁለተኛው ሲገባ ሁለተኛው ደንበኛ ተነሥቶ ሄደ። ሠላሳ አንደኛው ሲገባ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔ፣ ሰላምና አንድ እንቅልፍ የወሰደው ሰውዬ ነበርን።

በኩራት ወደ ሌላ ኮምፒውተር ዞሬ አድራሻውን ጻፍኩና ከፈትኩት።

በፎቶ ፈንታ አንድ ቀይ ኤክስ ከቀኝ ገባ። አለፈ። ወጣ። ሌላ ቀይ ኤክስ ተከተለው። ሠላሳ አንድ ቀይ ኤክስ በሰልፍ፣ ሳይቸኩሉ፣ በክብር አለፉ። ታርሞ የተመለሰልኝ የሒሳብ ፈተና ሰልፍ የወጣ መሰለኝ። ከሥሩ ደግሞ አማርኛዬ አማርኛ መሆኑን ትቶ፣ ቅንፍና ኮከብ ምልክት የተቀላቀለበት የዶሮ ጭረት ሆኗል።

በዚያው ቅጽበት አባዬ ደወለ። እንዴት ነው አለኝ። እየሄደ ነው አልኩት። ውሸት አልነበረም።

ሰላም ወንበሯን ስባ መጣችና የገጹን ውስጥ፣ ኮዱን፣ ከፈተች። ዝም ብላ አነበበች። ሐኪም ዝም ብሎ ሲያነብ ምን እንደሚሰማ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ፎቶዎቹ የት ነው ያሉት?» አለችኝ።

ፍላሹን አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች። ኮዴ ውስጥ የእያንዳንዱን ፎቶ አድራሻ እቤታችን ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ያለውን ቦታ አድርጌ ነው የጻፍኩት። እቤት የሚታየው ለዚያ ነበር። እንግዳ ጠርተሽ መንገዱን ስትነግሪ «ከእናቴ ቁም ሣጥን ጀርባ» እንደማለት ነው አለችኝ። አማርኛውንም እቤታችን ኮምፒውተር ላይ ብቻ በተጫነው በአሮጌው የፊደል ፕሮግራም ጽፌዋለሁ፤ ያ ፕሮግራም የሌለው ሰው የሚያየው የዶሮ ጭረቱን ነው። ሁሉም ኮምፒውተር በሚያነበው ፊደል፣ በዩኒኮድ፣ ካልተጻፈ ለዓለም አልተጻፈም አለች። ቀለም በየመስመሩ መጻፌን አይታ፣ ቢጫውን ፊደል ወደ አረንጓዴ ለመለወጥ ስንት ቦታ ልትነኪ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ቆጠርኩ። መቁጠሩን ተውኩት። ፎቶዎቹ በዚህ ክብደታቸው አዲስ አበባ እስኪደርሱ ሙዙ በአይሱዙ ይቀድማቸዋል አለች። ይህን ስትል ልትስቅ ነበር መሰለኝ፤ ግን የወሩን ቆጥባዋለች።

«ይህ ሁሉ ይስተካከላል፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ነይ» አለችኝ። «ግን ይህን የሚንቀዠቀዥ ነገር አጥፊው። የሚሮጥ ነገር ማንም አያነብም። ከደረጃውም ከተሰረዘ ቆይቷል።»

«አይጠፋም፤ ጸድቋል» አልኳት።

ሰላም የመጣችው ከሌላ አካባቢ ስለሆነ አልገባትም። ሠላሳ አንድ ሰው እሺ ያለበትን ነገር አንዲት ልጅ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብላ ብትሽረው፣ ነገ አባዬ በየት በኩል ዱቡሻ ይወጣል? ሴትዮዋ የምትከፍተው ሰኞ ነው። ማርኪውን ካጠፋሁ አባዬ ከሰው ይጣላል፤ ካላጠፋሁ ሙዙ ከሴትዮዋ። ስለዚህ ቀሪው መንገድ አንድ ነበር። በባጃጅ ወደ ጫኖ።

አባዬ ሰዎቹን እስኪሰበስብ ደብተሬን ገነጠልኩና በሠላሳ አንድ ወረቀት ላይ ሠላሳ አንድ የአትክልትና የፍራፍሬ ስም ጻፍኩ። በሲባጎ ላይ እየደረደርኩ ሰካኋቸው። ምርቃቱ ሲያልቅ ለመናገር ተነሣሁ። የጸደቀው ገጽ እንደማይሠራ፣ ጥፋቱም የእኔ እንጂ የሌላ የማንም እንዳልሆነ ተናገርኩ። ማርኪን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ለመገላገል ብዬ ነው። ማንም አላቋረጠኝም። አለመቋረጥ ያስፈራል፤ ሰው ቢያቋርጣችሁ ቢያንስ ትተነፍሳላችሁ።

ከዚያ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ለአባዬ ሰጠሁትና በጋሽ ባንጫ ፊት ፈጠን ብሎ እንዲያልፍ ነገርኩት። አለፈ። ወረቀቱ ሁሉ እየተርገበገበ ተከተለው። ስንቱን አነበቡ አልኳቸው።

«ማንጎ» አሉ ጋሽ ባንጫ።

«ሌላስ?»

«የአባትህን ጀርባ።»

ዱቡሻው በሳቅ ወደቀ። ሴትዮዋም የምታየው ይህንኑ ነው አልኩ፤ አንድ ማንጎና የአባቴን ጀርባ። ማርኪው በዚያው ተሻረ፤ ሁሉም «እሺ» አሉ። ጋሽ ዘለቀ ብቻ ቀሩ። ተነሡና፣ እንግዲያው ራስጌ የማን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁ። እንዲህ አድርገን ወደ ረቡዕ ተመለስን።

ንግግሩ እንደገና አያት ወደተከለው ሙዝ ሲያመራ እትዬ አስቴር ተነሡ። እትዬ አስቴር ባላቸው ከሞተ ወዲህ ማሳቸውን ብቻቸውን የሚያለሙ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ማሳቸው የመስኖው ቦይ የሚያልቅበት ጫፍ ላይ ነው።

«ውሃ ስናጠጣ ራስጌ ማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። የውሃው ተራ ይዞራል። ዛሬ መጀመሪያ ያጠጣ ሰው በሚቀጥለው መጨረሻ ይሆናል፣ ሁለተኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ እንዲህ እያለ ዓመቱን ሙሉ ይዞራል። በዚህ ምክንያት ጠብ ተነሥቶ አያውቅም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ሥርዓቱን ማንም ነቅፎት አያውቅም።

«ውሃው ከዞረ ገጹ ለምን አይዞርም?» አሉ እትዬ አስቴር፤ ተቀመጡም።

ስድሳ ሁለት ዓይን ወደ እኔ ዞረ። በየቀኑ አንድ ሰው ወደ ራስጌ የሚያመጣ፣ የትናንቱን ወደ ግርጌ የሚወስድ ኮድ እንዳለ ሰምቻለሁ። ጽፌው ግን አላውቅም፤ ጥቁር ሰሌዳ ላይም ቢሆን። ቢሆንም «ይዞራል» አልኩ።

«እሺ» እየዞረ መጣና ጋሽ ዘለቀ ጋ ቆመ። ኮምፒውተሩ ተራ ቢሰርቅ ማን ያያል አሉኝ። የማንኛውም ገጽ ኮድ ክፍት እንደሆነ፣ ቁልፍ ተጭኖ ማንም ሰው ውስጡን ማንበብ እንደሚችል፣ የተደበቀ ነገር እንደሌለ ነገርኳቸው። በዓለም ላይ በራቸውን ከፍተው የሚሠሩ ሰዎች መኖራቸው ሳይገርማቸው አልቀረም።

«እንግዲያው እሺ» አሉ።

አንድ ነገር ቀረ። ሰላም አደራ ብላኝ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ፎቶ ጀርባ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፣ ኮኔክሽን ደክሞ ፎቶው ሳይመጣ ቢቀር ወይም የሚከፍተው ሰው ዓይነ ስውር ቢሆን በፎቶው ፈንታ ቃሉ ይደርሳል። ስለዚህ እየዞርኩ አንድ አንድ ዐረፍተ ነገር ተቀበልኩ። እነሱ በጋሞኛ ይነግሩኛል፣ እኔ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። ብዙዎቹ እንደ ኑዛዜ ከአባታቸው ጀመሩልኝ። አጭር ነው የሚፈለገው ስላቸው ተቀየሙኝ፤ ካጠሩ በኋላ ግን ጣፈጡ። ጋሽ ባንጫ፣ «ይህን ሙዝ የተከልኩት እኔ ነኝ፤ ያላመነ መጥቶ ይብላ» አሉ። ጋሽ ዘለቀ፣ «ሙዜ ከጎረቤቴ ሙዝ በአንድ ክንድ ይረዝማል» ብለው አስጻፉኝ። ጎረቤታቸው ይህን ሰምቶ፣ «የጎረቤቴ ክንድ አጭር ነው» ብሎ አስጻፈ። እትዬ አስቴር፣ «የውሃው ቦይ የሚያልቀው እኔ ማሳ ላይ ነው፤ ሙዜ ግን ከማንም አላነሰም» አሉ።

እሑድ እኛ ከጸሎት ቤት፣ ሰላም ከቅዳሴ ወጥተን ተገናኘን። ያን ቀን የተማርኩትን በጠመኔ ብንጽፈው አሥር ሰሌዳ ይፈጃል። ፎቶዎቹን አሳነስናቸው፤ ግድግዳ የነበሩት ቴምብር ሆኑ። ቀለሙንና የፊደሉን መልክ ሁሉ ከገጹ አውጥተን በአንድ ፋይል ሰበሰብነው፤ አሁን ፊደሉን ሁሉ አረንጓዴ ማድረግ ብፈልግ አንድ ቃል መለወጥ ይበቃኛል። ለጨዋታ አድርጌ አየሁት፤ መለስኩት፤ እንደገና አደረግኩት። ሰላም እጄን መታችኝ።

ከዚያ ስህተት ወደሚቆጥረው ድረ ገጽ ወሰደችኝ። እንደዚህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር። ኮዳችሁን ትሰጡታላችሁ፣ እሱ ሰዎቹ ከተስማሙበት ደረጃ ጋር እያስተያየ ስህተታችሁን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። አይቆጣም፣ አያዝንም፤ ይቆጥራል። ሰማንያ ሁለት አለኝ። ላጠፋው እጄን ዘረጋሁ። ሰላም ግን ከላይ ጀምሪ አለችኝ። ያልዘጋሁትን አንድ ትእዛዝ ስዘጋ ሃያ ስህተት አብሮ ጠፋ። እናቴ በሕይወቴ ሙሉ «በሩን ዝጊ» እያለች የጮኸችብኝ ለካ ሙያ ኖሯል።

ተራ የሚያዞረው ኮድ ግን አንገላታኝ። መጀመሪያ ስንሞክረው ጋሽ ዘለቀ ሁለት ቦታ ታዩ፣ እትዬ አስቴር ደግሞ ጨርሰው ጠፉ። የገዛ እጄ የእሳቸውን ውሃ የቆረጠ ያህል ደነገጥኩ። ነገሩ ኮምፒውተር መቁጠር የሚጀምረው ከአንድ ሳይሆን ከዜሮ ነው፤ እኔ ከአንድ ስጀምር አንድ ሰው ከጠርዙ ወደቀ። ይህን ያወቅኩት እኔ ነኝ። ሰላም አይታው ዝም ብላ ስትጠብቀኝ እንደነበር በኋላ ገባኝ። ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። እትዬ አስቴር ተመለሱ።

ለመጨረሻ ጊዜ ለቆጣሪው ሰጠነው። አሰበ። አረንጓዴ ሆነ። ስህተት የለም አለ። ሰላም የወሩን ሳቅ አወጣችው።

ሰኞ ትምህርት ቤት ምን እንደተማርን አትጠይቁኝ። እቤት ስደርስ አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ተቀምጧል፤ እንደታመመ ዘመድ ይጠብቀዋል። ከሰዓት በኋላ ጮኸ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

ሴትዮዋ ናት። መንገድ ላይ ሆና በስልኳ እንደከፈተችው፣ ዳታ እንዳይበላባት ፎቶ የሚባል ነገር ሁሉ ስለምትዘጋ አንድም ሙዝ እንዳላየች ነገረችው።

አባዬ አየኝ። እኔም አንድ ኮት ለብሰው በተራ የተነሡት አምስት ሰዎች ታወሱኝ።

«አንድም ፎቶ አልመጣልኝም» አለች እንደገና። «ጽሑፉ ግን መጣ። እስቲ የክንዱን ነገር አስረዱኝ፤ ከነዚህ ሁለት ጎረቤታሞች ማን ነው እውነተኛው?»

ሴትዮዋ እየሳቀች ቀጠለች። ከሌሎቹ የአንዱ ገጽ ሰው መሃል ሳለች ድንገት በሙዚቃ ጮኾባታል፣ የሌላው እስኪከፈት ጠብቃ ሰልችቷታል። የእኛ ወዲያው ተከፈተ፤ ሠላሳ አንዱንም አንብባ ጨረሰች። የውሃው መጨረሻ ላይ ያሉትን ሴት ሁለት ጊዜ አንብባቸዋለች። ሐሙስ እመጣለሁ አለች።

መጣችም፣ ከነመኪናዋ። ማሳ ለማሳ ዞረች። የማንንም መልክ አታውቅም፣ ቃላቸውን ግን ታውቃለች፤ ያላመነ መጥቶ ይብላ ያሉት የትኛው ናቸው እያለች እየጠየቀች፣ መጥታ በላች። የሁለቱን ጎረቤታሞች ክንድ ጎን ለጎን አስለካች፤ ውጤቱን ግን አልናገርም፣ ሁለቱም ጎረቤቶቼ ናቸው። እትዬ አስቴር ማሳ ላይ ከሁሉም ረጅም ቆመች። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ እንደምትመጣ ለሁሉም ተናገረች፤ የመጀመሪያው ጭነትም ከቦዩ ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ ተጫነ።

መኪናው ሞልቶ ሸራው ሲታሰር ሴትዮዋ ልብሷን እያራገፈች ዞር አለችና፣ ይህን የመሰለ ንጹሕ ገጽ የሠራላችሁ ማን ነው፣ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥታችሁ ነው ወይ ብላ ጠየቀች።

እንግዲህ በዱቡሻ ሥርዓት እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ቀድሞ ይመረቃል፣ ከዚያ ታላቅ ይነሣል፣ ከዚያ ተራ በተራ ይነገራል፣ ጋሽ ዘለቀ መጨረሻ ላይ እሺ ይላሉ። ያን ቀን ግን ማንም ተራ አልጠበቀም። ሠላሳ አንድ ጣት በአንድ ጊዜ ወደ እኔ ጠቆመ፤ የጋሽ ዘለቀ ጣት እንዲያውም ቀድሟል።

እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ ወደ ራሴ ጠቁሜያለሁ።